አፕል ማስተኛት

ስለ ተክል የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ውርጭ ነው። ሌላ መምህር አልነበረኝም። እንጅባራ ላይ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የተማረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ኅዳር ይገባል፣ ጠዋት በር ትከፍታላችሁ፣ ሣሩ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ትናንት ቀጥ ብሎ የነበረው ቃሪያ ደግሞ የተቀቀለ ጎመን ሆኖ ተዘርሯል። ፈተናው ይኸው ነው። ያለፈ አለፈ፣ የወደቀ ለበግ ይሰጣል። ስለዚህ ሰው የሚተከል ነገር ይዞልኝ ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ውርጭ ይችላል?» ፍሬውን አልጠይቅ፣ አበባውን አልጠይቅ። ደሳለኝ ልጄን የኔነሽን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ጊዜ እንኳን መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ይኸው ጥያቄ ነበር። ሽማግሌዎቹን አፍሬ ዋጥኩት።

ብጠይቅም መልሱ «አይችልም» ነበር። ደሳለኝ የጃዊ ልጅ ነው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ መጥተው ቆላው ላይ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። ጃዊም አዊ ነው፣ እንጅባራም አዊ ነው፤ በካርታ አንድ ቤተሰብ ነን። በመኪና ሲወረድ ግን ሰው በየማቆሚያው አንድ አንድ ልብስ እያወለቀ ነው የሚደርሰው። ለመልሱ እንጅባራ የመጣ ዕለት ደሳለኝ የእኔን ባርኖስ፣ የባለቤቴን ጋቢና የአልጋ ልብሱን ደራርቦ እሳት ዳር ስለተቀመጠ፣ እንግዶቹ ሙሽራው የቱ ጋ እንዳለ ያወቁት በድምፁ ነው።

ሐምሌ ላይ የኔነሽ ደወለች።

«እማ፣ በየካቲት አያት ትሆኛለሽ» አለችኝ።

እልልታዬን ሳልጨርስ ቀጠለች። «አዲሱ ቤት ገብተናል። ቆርቆሮ ነው። ግቢው ግን መላጣ ነው፣ አንዲት ዛፍ የለበትም። የካቲትና መጋቢት እዚህ እንዴት እንደሆነ አታውቂውም፤ ቀን ቀን ቤት ውስጥ መቀመጥ ድስት ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው። ሕፃኑን ይዤ የምቀመጥባት ጥላ ብቻ ባገኝ ሌላ አልፈልግም።»

«ለእኔ ተዪው» አልኳት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጅቷ የጠየቀችው ጥላ ነው። እኔ ግን ስልኩን ስዘጋ በሐሳቤ የታየኝ፣ አማቷ በር ላይ ቆመው «ይሄ ሁሉ የምራቴ እናት እጅ ነው» እያሉ ለመንገደኛው የሚያሳዩት የአትክልት ቦታ ነው። ወዲያው ጓሮ ገባሁ፤ ሚዜ እንደሚመርጥ ሰው እየተጎማለልኩ ምርጦቼን ለየሁ። ሁለት የአፕል ችግኝ፣ አንድ የኮክ፣ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ቀርከሃ። አንዴ ከተተከሉ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እዚያው የሚቆዩ፣ ስሜን ለልጅ ልጅ የሚያደርሱ። ሁሉም ውርጭ በመቻል የተመሰገኑ።

ጎረቤቴ አለሚቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች።

«ጃዊ ውርጭ አለ እንዴ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ውርጭ የሚችል ተክል ምን ያደርግላታል?»

«ውርጭ የቻለ ምን ያቅተዋል አለሚቱ? ወታደር የነበረ ሰው ሠርግ ቤት አስተናግድ ቢሉት ያቅተዋል?»

አለሚቱ አሰበችበት። «የእኔ ባል ወታደር ነበር፤ ሠርግ ቤት ግን አንዲት ሳህን አያነሳም» አለች።

ይህን እንደ ምክር መቁጠር ነበረብኝ።

በመንገድ ከሁሉ ያስቸገረኝ ቀርከሃው ነው። የእንጅባራ ሰው ያለ ቀርከሃ ቤት ቤት አይመስለውም፤ ከጓሮው ጥግ ቀርከሃ የሌለው ጎረቤት ካለን ምን ሆኖ ነው እንላለን። ስለዚህ ቆርጬ ማሳጠር አልሆነልኝም። የሚኒባሱ ረዳት ዞሮ ዞሮ አየውና «እናቴ፣ ይሄ ከመኪናው ይረዝማል» አለኝ።

«መኪናው ነዋ ያጠረ» አልኩት።

ተጫነ። ጫፉ ከኋላ ተንዘላዝሎ፣ የሚከተለንን ባጃጅ ሁሉ በቅጠሉ እያራገበ ዳንግላ ገባን። ኮኩና ጽጌረዳዋ እግሬ ሥር፣ ሁለቱ አፕሎች እንደ መንታ ጭኔ ላይ ናቸው። ዳንግላ ላይ መኪና ስንቀይር ሹራቤን አወለቅኩ፤ ትንሽ ወረድ ስንል ነጠላዬን አነሳሁ፤ ጃዊ ስንደርስ ክብሬን ብቻ ለብሼ የቀረሁ መሰለኝ።

የደሳለኝ እናት እትዬ ዘውድነሽ በር ላይ ተቀበሉኝ። በልጆቻችን የተዛመድን ሰዎች ነንና የምንቀመጠው በግብዣ፣ የምንጎርሰው በመሐላ ነው። እሳቸው «ይቅደሙ» ሲሉኝ እኔ «ኧረ እርስዎ» ስል፣ የሐምሌ ዝናብ ሁለታችንንም ደጃፉ ላይ አረሰረሰን። ከዚህም በላይ አንዳችን የሌላችንን ቃል ማፍረስ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። የመጣው መዘዝ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው የየኔነሽ እናት?» አሉኝ ቀርከሃውን እያዩ።

«ቀርከሃ ይባላል። አንዴ ከያዘ አይለቅም። ለአጥር ይሆናል፣ ለግድግዳ ይሆናል፣ ወንበርም ይሠራበታል።»

ይህን የማስረዳው በቆላ ቀርከሃ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ የቆላ ቀርከሃ ግድግዳ ተደግፌ፣ የቆላ ቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጋራ እስከ ጫፉ ድረስ ሽመል የሚሉት የዚሁ ተክል የቆላ ዘመድ ነው። እኔ ዓይኔ ሁሉ ያመጣሁት ላይ ስለነበር አላየሁም። እትዬ ዘውድነሽ ግን ፊታቸው ሳይለወጥ «አቤት ጉድ፣ እንዲህም ያለ እንጨት አለ?» አሉኝ።

ከዚያ ግቢውን ቃኘሁ። ከበሩ ፊት ለፊት፣ የዕቃ እጣቢ የሚፈስበት ምርጥ ቦታ አለ፤ ጉድጓድም ተቆፍሮ ጠበቀኝ። «አፕሎቹ እዚህ» አልኩ። የኔነሽ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አማቷ ክንዷን ያዝ ሲያደርጓት ዘጋችው። ተተከሉ።

ወደ እንጅባራ ተመልሼ በየጊዜው መደወል ያዝኩ። ኔትወርክ ሲኖር ስልኩን የሚያነሱት እትዬ ዘውድነሽ ናቸው።

«አፕሎቹ እንዴት ናቸው እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ኮኩስ?»

«ምን ይሆናል ብለው።»

«ጽጌረዳዋስ?»

«ሰላም ትልዎታለች።»

እኔ ይህን ይዤ እንጅባራን አዳረስኩት። ማኅበር ላይ አወራሁ፣ ገበያ ላይ አወራሁ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ አወራሁ። «ጃዊን አፕል አስለመድኳት» አልኩ። ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶች «እጅሽ በረከት አለው» ሲሉኝ እጄን ደብቄ መሄድ ሲገባኝ ዘርግቼ አሳየኋቸው። አንድ ሰው ስለ ተክል «ሰላም ትልዎታለች» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ስለ ሰውም ቢሆን እንዲህ የሚባለው ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ነው።

ኅዳር ገባ። አንድ ጠዋት በር ስከፍት ሣሩ ነጭ ነው። የእኔ ጓሮ እንደ ወጉ በሣርና በአሮጌ ጨርቅ ተሸፍኗል። ወዲያው የጃዊዎቹ ትዝ አሉኝ፤ ራቁታቸውን ናቸው። ስልኬን አነሳሁ።

«እትዬ፣ ውርጭ ገብቷል፣ ተክሎቹን ይሸፍኑልኝ።»

 በኋላ እንደሰማሁት ያን ሰዓት እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረው በነጠላቸው ጫፍ ያራግቡ ነበር።

«በምን ልሸፍናቸው?» አሉኝ።

«ጋቢ ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማልበስ፣ ጠዋት መግለጥ ነው።»

«እሺ» አሉ።

እናንተዬ፣ አደረጉት። ሰው አንሶላ በከበደው አገር፣ ሁለት አፕል በየቀኑ አመሻሽ ላይ የሟች ባላቸውን ጋቢ ለበሱ። እዚያ ሰፈር በር ላይ ጋቢ የለበሰ ከታየ በወባ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ ሌላ ምክንያት አይኖረውም። አያ ሰይድ የሚባሉ ጎረቤት አዛውንት ከመስጊድ ሲመለሱ ከመንገዱ ሆነው አዩና «አላህ ያሽርሽ» ብለው አለፉ። በማግስቱ ሎሚ ይዘው መጡ። «በሽተኛዋ አልተሻላትም?» ብለው ሲጠይቁ፣ እትዬ ዘውድነሽ «ከትናንት ይሻላታል» አሏቸው። ምን ይበሉ? «የምራቴ እናት አዝዛኝ ተክል አልብሼ ነው» ቢሉ እኔን ማማት ይሆንባቸዋል።

ታኅሣሥ ላይ እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ ከአንድ የግብርና ባለሙያ ጎን ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ ስለ ጃዊ አፕሎቼ አወራሁለት። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ እስክጨርስ ሰማኝ።

«አፕል እኮ ብርድ ይፈልጋል» አለኝ። «ቅጠሉን አራግፎ ብርድ ላይ ካልተኛ በደንብ አይነቃም። ካልነቃ አያብብም፣ አያፈራም። የጃዊ በጋ ለእሱ ይሞቅበታል፤ ሲያንጎላጅ ነው የሚኖረው። ኮክም እንደዚያው ነው።»

«እና ያጣው እንቅልፍ ነው?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

ከባጃጁ የት እንደወረድኩ አላስታውስም። ብርድ የናፈቀውን ተክል ጋቢ ሳስለብስ ከርሜአለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተሳስቻለሁ፣ ለዚያ አገር የሚሆን ሌላ ተክል ልፈልግ» ይል ነበር። እኔ ያልኩት «ብርድ አደርስለታለሁ» ነው።

ብርድ በምን ይወሰዳል? እንጅባራ ብርድ ሞልቷል፤ የጠፋው መያዣው ነው። በረዶ መንገድ ላይ ይቀልጣል። ሳወጣ ሳወርድ የዘንገና ሐይቅ ትዝ አለኝ፤ ጠዋት እጃችሁን ብትነክሩበት አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ውኃ ነው። ጥር በገባ ማለዳ ሄጄ ትልቅ ጀሪካን ሞላሁ፣ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ በጋቢ ጠቀለልኩትና ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የተጠቀለለ ጀሪካን አቅፋ የምትጓዝ ሴት እኛ አገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያላት። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎንበስ ብላ «የየት ጸበል ነው እናቴ?» አለችኝ።

«ጸበል አይደለም ልጄ፣ የዘንገና ውኃ ነው።»

«ለታመመ ነው?»

«እንቅልፍ ላጣ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

«ውይ፣ ከጀመረው ቆየ?»

«ቆላ ከወረደ ጀምሮ ነው። ኅዳርን ቆሞ ነው ያሳለፈው።»

ወሬው ከወንበር ወንበር እየተሻገረ ሾፌሩ ጋ ደረሰ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ከኋላ አንድ አዛውንት «ዕድሜው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ሁለት ዓመቱ ነው» ስላቸው ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ወንድሙም እንደዚሁ ነው» ብዬ ጨመርኩ፤ ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። አንዷ እንባዋን ጠረገች። አሁን እውነቱን ልናገር ብል ከነጀሪካኔ ያወርዱኛል። ዳንግላ ላይ ተሳፋሪው ተረባርቦ ጀሪካኑን ተሸከመልኝ፤ ሴትዮዋ «በጸሎቴ አልረሳቸውም፣ ስማቸውን ንገሪኝ» አለችኝ። መኪናው እየሄደብኝ ነው ብዬ ሮጥኩ።

ጃዊ ስደርስ ጋቢውን ፈትቼ ጣቴን ነከርኩ። የሕፃን ገላ መታጠቢያ ሆኗል።

እትዬ ዘውድነሽ ውኃውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ የእንግዳ እግር ማጠቢያ ይዤ የመጣሁ መስሏቸው ሳፋ አቀረቡ። «ኧረ አይሆንም» ብል አይሰሙኝም። በዚያ ሁሉ መንገድ እንደ ታቦት ያቀፍኩትን ውኃ እግሬ ላይ አፈሰሱት። «ለብ አድርገው ይዘው መምጣትዎ፣ አይ ብልሃት» አሉኝ።

እግሬ ሳይደርቅ ግቢውን ልዞር ተነሳሁ። ሁለቱ አፕሎች አልሞቱም፣ አላደጉምም፤ ጫፋቸው ላይ ጥቂት ቅጠል አንጠልጥለው፣ ስብሰባ እንደረዘመበት ሰው ቆመዋል። ቀርከሃው ደርቆ የልብስ ማስጫ ሆኗል። ኮኩ ግን አምሮበታል፤ ቅጠሉ ረዝሟል፣ ወዝቷል።

«የኮኩ ቅጠል ምነው እንዲህ ረዘመ እትዬ?»

«አፈሩ ነው» አሉ ወደ ሌላ እያዩ።

ቅጠሉን ቆርጬ ጨመቅ አድርጌ አሸተትኩት።

«እትዬ፣ ይሄ ማንጎ አይደለም?»

«አፈሩ» አሉ እንደገና፤ ድምፃቸው ግን እየሳሳ።

የኔነሽ ከበሩ ላይ ሳቋን ለቀቀችው። ሆዷ ገፍቷል፣ ሁለት እጇ ወገቧ ላይ ነው፣ ፊቷ በላብ ታጥቧል። ሳቀች፣ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እማ» አለች፣ «እኔ የጠየቅኩሽ ጥላ ነው። አንቺ የላክሽልኝ በሽተኛ ነው። ስናስታምም ከረምን። አሁን ወር ተኩል ቢቀረኝ ነው፤ እስቲ ልጄን ይዤ የት ልቀመጥ?»

 

እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አጣፉ። «ይቅር ይበሉኝ የየኔነሽ እናት» አሉ። «ኮኩ ቆይቷል ከሞተ። ጽጌረዳዋን ምስጥ በላት። ምን ብዬ ልንገርዎት? ልጅዎን አምነው ሰጥተውኝ፣ ተክልዎን ገደልኩ ልበል? ማንጎውን የተከልኩት ሲመጡ ባዶ ጉድጓድ እንዳያዩ ብዬ ነው። እዚህ በር ላይም ለልጅቷ ጥላ እንዲሆን ሽፈራውና ፓፓያ ልተክል ቆፍሬ ነበር። እርስዎ አፕሎቹ እዚህ ሲሉ ዝም አልኩ።»

ያ ጉድጓድ እንዲያ ተመቻችቶ የጠበቀው ለካ እኔን አልነበረም። የአንድ ክረምት ዝናብ ሙሉ በእኔ አፕሎች ላይ ፈሰሰ።

«ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝስ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ኧረ በፍጹም፣ እኔ ነኝ።»

«አይሆንም እትዬ፣ እኔ።»

ይቅርታውን እንደ ማዕድ ስንገፋፋው የኔነሽ በቃት። «ይቅር ተባብላችኋል። አሁን ትከሉ» አለች።

ያን ጊዜ ነው ቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት። «እዚህ አገር ተክል ስትመርጡ ምን አይታችሁ ነው?»

እትዬ ዘውድነሽ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው የማያውቁ ይመስል መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ግን ማን ያቁማቸው። «እኛ ኅዳርና ታኅሣሥ አያስጨንቀንም፤ ያን ጊዜ ሁሉም ያምርበታል። እኛ የምንፈራው ሚያዝያን ነው። መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ምስጥ እንጨት ሲያሳድድ፣ ፍየል ሣር ሲያጣ፣ ቅጠሉን ይዞ የሚሻገር የትኛው ነው እንላለን። ማንጎ ይሻገራል፤ ጥላው ድፍን ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይደርሳል። ፓፓያ ይፈጥናል፤ ጥላው ግን ባርኔጣ ያክላል። ሽፈራው ወፍራም ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢሰኩት፣ እጣቢ ካላጣ ቶሎ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ ደቃቃ ስለሆነ ጥላው ወንፊት ነው። ቢሆንም የዘንድሮው እሱ ነው።»

አፕሎቹን ግን ማን ይንቀላቸው? «ይነቀሉ» ስል «ኧረ እርስዎ የተከሉትን» ይላሉ፤ «ይቆዩ» ስል «እንግዲያው ልጅቷስ?» ይላሉ። ይህን ስንባባል የአያ ሰይድ ፍየል በተከፈተው በር ገብታ ክርክሩን ቋጨችው፤ ሁለቱንም እስከ ጉቶአቸው። ከሰዓት አያ ሰይድ ራሳቸው መጡ። ያቺ በጋቢ የሚያውቋት በሽተኛ ማለፏን ሰምተው ነው ለካ፣ ስኳር ይዘው ሊያጽናኑን። እውነቱ ሲነገራቸው መቀመጫ ፈልገው ተቀመጡና፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ከራሳቸው ዛፍ የክንድ ውፍረት ያላቸው የሽፈራው ቅርንጫፎች ቆርጠው በትከሻቸው ተሸክመው መጡ።

ሰካናቸው። እኔ ወደ እንጅባራ አልተመለስኩም፤ በጠዋት እጣቢ ማጠጣት፣ ቀን ፍየል ማባረር ሥራዬ ሆነ። እያንዳንዷ ቡቃያ ስትወጣ እትዬ ዘውድነሽን እጠራቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንደ አዲስ ይገረሙልኛል፤ በዚህ እንኳን ከልባቸው ነበር። ደሳለኝ በቅርንጫፎቹ መሃል ምሰሶ ተክሎ ከላይ ሣር ከደነበት። የካቲት ሊያልቅ ሲል የኔነሽ ሴት ልጅ ወለደች፤ ቀኑ ደርሶ ደጅ ስትወጣ ይዛት የተቀመጠችው እዚያ ሥር ነው።

ጠዋት ደኅና ነው፤ እኩለ ቀንም ደኅና ነው። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል በሽፈራው ቅጠል መሃል ሾልካ ቀጥ ብላ ሕፃኗ ፊት ላይ ታርፋለች። ነጠላ እንዳንጋርድ ነፋስ ይዘጋል፣ ትታፈናለች። ቤት እንዳትገባ ቆርቆሮው ይጋረፋል። ልጅቷ ፊቷን ጨምድዳ ልታለቅስ ስትል፣ እትዬ ዘውድነሽ ምንም ሳይናገሩ ተነስተው በፀሐይዋ በኩል ቁጭ አሉ። ጥላቸው ሕፃኗ ላይ ወደቀ። ግማሿ ግን ቀረች። እኔም ተነስቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሞላ።

«እርስዎ ወደ ውስጥ ይግቡ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «የደጋ ሰው ነዎት፤ ይሄ ፀሐይ ይጥልዎታል።»

«ኧረ እርስዎ ይግቡ፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጡም።»

«በሞቴ።»

«አፈር ስሆን።»

የኔነሽ ቀና አለች። «ማናችሁም ከዚያ ብትነሱ ወዮላችሁ» አለች።

አልተነሳንም። ፀሐይዋ ወደ ጎን ስትሸሽ እኛም ትከሻ ለትከሻ ገጥመን አብረናት ወደ ጎን እንንፏቀቃለን፤ ጀርባችን ይጠበሳል፣ ከፊታችን ያለችው ግን ጡጫዋን ጨብጣ ጭልጥ ብላለች። አያ ሰይድ በመንገዱ ሲያልፉ አዩንና ቆሙ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ዳሱን ትተው ፀሐይ ላይ ተጣብቀው መቀመጣችን ግራ አጋባቸው።

«ምነው፣ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» አሉ።

እትዬ ዘውድነሽ ሳይዞሩ መለሱላቸው።

«ቀስ ብለው ይናገሩ አያ ሰይድ፤ ጥላ ነን።»